ደረጃውን የጠበቀ መንገድ

«ደረጃውን የጠበቀ» የምትባል ሐረግ አለች። ሪፖርት ያለ እሷ አይጻፍም፤ የምረቃ ንግግር ያለ እሷ አያልቅም። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የሕዝብ መጸዳጃው ሳይቀር ደረጃውን የጠበቀ ነው። እኔ ከሐረጊቱ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን በጦር ኃይሎች መስቀለኛ መንገድ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ትርጉሟ እንደ ሌላው አገር አይደለም። እኛ ዘንድ ደረጃ ማለት የሚወጣና የሚወረድ፣ ጉልበት የሚፈትን፣ ክረምት ላይ የሚያንሸራትት የብረት ነገር ነው። መንገዳችን ደረጃውን ጠብቋል ብንል ነገሩን እንዳለ መናገራችን ነው።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከሜክሲኮ ተነሥቶ በልደታና በኮካ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ የኮልፌ ቀራንዮ ደፍ ላይ ሲደርስ ይበተናል። አንዱ በዘነበወርቅና በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ገና፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ወሊሶ፣ ብሎም ወደ ጅማ ይነጉዳል። ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በኮልፌ በኩል ዊንጌት ይደርስና ከአምቦ መንገድ ጋር ይገጥማል። ይህ መበተኛ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። የሚኒባሱ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጮኽ የሰማ የሩቅ አገር እንግዳ ክተት የታወጀ ሳይመስለው አይቀርም። እኛ ግን ለምደነዋል፤ ጦር ኃይሎች ወርደን ሽንኩርት እንገዛለን።

ሰፈሩ የከተማ ዳር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ትምህርት ሊቀስም ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የሰለጠነው ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ በሰፈረበት ነው። ከተማረው ነገር አንዱ ጠመንጃ ይዞ፣ በተወሰነ ሰዓት የተወሰነ ርቀት በእግር መጓዝ እንደ ነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ኮልፌና እግር የቆየ ትውውቅ አላቸው ማለት ነው።

ከተማ ደግሞ ዳርቻዋ ላይ የምታስቀምጠው የምትፈራውንና የምታፍርበትን ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ አደረገች። ወታደሩን ከነሰፈሩና ከነሆስፒታሉ በዚህ በኩል አኖረች። በ1920ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በዚሁ በጅማ መንገድ ላይ ተከለች። በ1958 ዓ.ም. እዚያው ላይ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ዛሬ አለርት የምንለው፣ ተቋቋመ። ቆሻሻዋንም ከአለርት ብዙ ሳትርቅ፣ ቆሼ ወስዳ ትደፋ ጀመር። የቆሼው ክምር ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲቆለል ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ከነቤቱ ቀበረ። ያን ሌሊት የተለቀሰው ለቅሶ ከዚህ መንደር ገና አልወጣም።

እንግዲህ መስቀለኛ መንገዳችን በሁለት ሆስፒታሎች ጎረቤትነት ያደገ ነው። ከአንዱ እግሩን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣ ሰው በክራንች ይወጣል። ከሌላው እግሩ እያለ እግሩ የማይሰማው ሰው በዝግታ ይወጣል። በኢትዮጵያ ውስጥ የእግር ነገር በዚህን ያህል የሚታወቅበት፣ የሚታከምበትና የሚታሰብበት ሌላ ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቀጥሎ የምነግራችሁም በዚህ ሰፈር ላይ ምን ዓይነት መንገድ እንደተሠራ ነው።

ቀለበት መንገዱ ከመምጣቱ በፊት መስቀለኛው ጠባብ ነበር። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ከጅማ መስመር የመጣው ካሚዮን፣ አንበሳ አውቶቡሱ፣ ተሳፋሪዎቹን ፊት ለፊት አፋጥጦ የሚያስቀምጠው ውይይት ታክሲ፣ አጠና የጫነችው አህያ፣ ሁሉም በአንድ ጉሮሮ ይተሻሹ ነበር። በቆሎ ጠባሿ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ሊስትሮው ከእሷ ቀጥሎ፤ ሱቅ በደረቴው በመካከላቸው ይዞራል። ያን ጊዜ ያማረረ እንጂ ያደነቀ አልነበረም። ዛሬ ናፈቀኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ መኪናው ፈጥኖ መሄድ ስለማይችል እግረኛውን ያያል። አይቶም ይቆማል። ክራንች የያዘ ሰው እጁን ከፍ ካደረገ ካሚዮኑም ቢሆን ፍሬኑን እየጮኸ ይታገሠዋል። ሹፌሩ ይሳደባል፤ እግረኛውም መልስ አያጣም፤ መሻገሩ ግን ይሻገራል።

ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቀለበት መንገድ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በቻይና ሥራ ተቋራጭ ተጀምሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ። ሥራውን በደፈናው ማጥላላት ነውር ነው። ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና መሀል ከተማውን ሳይረግጥ ወደ ቃሊቲ የሚያልፍበት መንገድ አገኘ። ከአየር ጤና ቦሌ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ጣጣ ቀለለ። በአምቡላንስ የሚመጣ በሽተኛ በሕይወት የመድረስ ዕድሉ ሰፋ። መኪና ላለውም፣ ታክሲ ለሚሳፈረውም፣ እህሉ ከገጠር ለሚመጣለት ሁሉ ጠቅሟል።

ስም አወጣጡ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በእኛ አገር ቀለበት የሚታሰረው ሁለት ቤት አንድ እንዲሆን ነው። የእኛው ቀለበት አንዱን ቤት ሁለት አደረገው። ግራና ቀኙን የኮንክሪት ግንብ፣ መሀሉን ሌላ ግንብ ይዞ መጣና ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ የሚባል ነገር አበጀ። የሚገርመው ደግሞ እሱ ራሱ በሰሜን በኩል ሳይገጥም መቅረቱ ነው። ለሚያልፈው መኪና ስንል እኛ ተለያየን፤ ቀለበቱም ቀለበት ሳይሆን ቀረ።

ለእግረኛው ምን ታሰበ? ድልድይ። ድልድዩም በየስንት ርቀቱ አንድ ነው፤ መወጣጫውም ደረጃ ነው።

አንዲት ጎረቤት አሉን፤ እማማ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ከገጠር በዚሁ በጅማ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ዘነበወርቅ ታክመው፣ ድነው፣ እንደ ብዙዎቹ ታካሚዎች ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ናቸው። በሽታው ከለቀቃቸው ዘመን የለውም። ያበላሸው ነርቭ ግን አይመለስም፤ እግራቸው አይሰማቸውም። አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስብ። እኔና እናንተ ጠጠር ጫማችን ውስጥ ሲገባ እናነክሳለን፤ ማነከሳችን ያድነናል። እማማ ጠጠሩን ይዘውት ይውላሉ፤ የሚያውቁት ማታ ደም ሲያዩ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ እንዲህ ሲል አስተምሯቸዋል፤ ሩቅ አትሂጂ፣ ርምጃሽን አሳጥሪ፣ በየማታው እግርሽን ዘፍዝፈሽ፣ ፈግፍገሽ፣ ቅባት ቀብተሽ በዓይንሽ መርምሪ። የሆስፒታሉ ወርክሾፕም ገጹ የሚለሰልስ ልዩ ጫማ ይሠራላቸዋል። ይህ ሁሉ ጥበብ፣ ይህ ሁሉ የሐኪም ልፋት፣ እግራቸውን ለማቆየት ነው።

እማማ አንድ ቀን ከድልድዩ ሥር ቆመው ወደ ላይ ሲመለከቱ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ልያዝዎትና እንውጣ እንጂ» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ ወጥቼስ? ሐኪሙ እግርሽን ቆጥቢ ይለኛል፣ መንገዱ ደረጃ ውጪ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

«ታዲያ በየት ሊሻገሩ ነው?»

«ግንቡ የተሰበረበት አለች፤ እሷ ጋ።»

ግንቡ የተሰበረባት ቦታ በእርግጥ አለች። በቀለበት መንገዱ ዳር የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰው ለመሿለክ ያበጃት ቀዳዳ ናት። ጠጋኝ ይመጣል፣ ይደፍናታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራቅ ብላ ሌላ ትከፈታለች። ሹፌሮች «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» ይላሉ፤ ጋዜጣም ይጽፋል። እኔ ግን በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ የማየው አቤቱታ ነው። ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከቻ ማስገባት ያልቻለ ሰው በጉልበቱ የጻፈው አቤቱታ። ደግሞም በሕይወቱ ተወራርዶ ነው የጻፈው፤ በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ሁለተኛው ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃው ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ግንባር ግራ እግሩን አጥቶ በጦር ኃይሎች ሆስፒታል የታከመ ሰው ነው። ሠራዊቱ ፈረሰ፣ ደሞዙ ቀረ፣ ማዕረጉ ብቻ ስም ሆኖ አብሮት ኖረ። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት በተደረገ አንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ አብረን ነበርን። አንድ ወጣት ባለሙያ ካርታ ሰቅሎ፣ በሰዓት ይህን ያህል ተሽከርካሪ ያልፋል እያለ በትሕትና አስረዳን። ልጁ መልካም ልጅ ነበር፤ የሚያውቀውን ነው የነገረን። ሃምሳ አለቃው እጁን አወጣና፣

«ጌታው፣ የመኪናውን ቁጥር ነገሩን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሰዓት ስንት እግር ያልፋል?» ሲል ጠየቀ።

ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ። «እግረኛው ደረጃውን በጠበቀ ድልድይ ይስተናገዳል» ብሎ መለሰ።

«እኔን ደግሞ እንዴት እንደሚቆጥሩኝ ይንገሩኝ። በግማሽ ነው በሙሉ?»

ሰዉ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ግን አልሳቀም። መንገዱ ተሠርቶ ድልድዩ ሲቆም ግን በተራው ቀለደ፤ «ደረጃውንስ ጠብቋል፤ እኛን ነው ሳይጠብቀን የሄደው» አለ። ይህቺ ቃል ዛሬም በሰፈሩ ትነገራለች።

ነገሩ የእማማና የሃምሳ አለቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጥቂት ሰዎች ናቸው» ሊባል ይችል ነበር። ግን ነፍሰ ጡሯስ? ሽንኩርት በጀርባዋ ያዘለችው የጉልት ነጋዴስ? ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌስ? የዕድራችን ታሪክ ይበቃል። ዕድራችን ከቀለበት መንገዱ በፊት የተቋቋመ ነው፤ አባላቱ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በሁለቱም ማዶ ይኖራሉ። ቀድሞ ሰው ሲሞት ለፋፊያችን ማለዳ ተነሥቶ ጡሩንባውን ሲነፋ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። መንገዱ ከመጣ ወዲህ ጡሩንባው መሀል መንገድ ላይ ይሞታል፤ የካሚዮኑ ጩኸት ይውጠዋል። ለፋፊው ደረጃውን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ወዲያ ማዶ እንደገና መንፋት ግድ ሆነበት። ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን በሸክም በድልድይ ላይ ማሻገር ደግሞ ሌላ ቀብር ነው። አረጋውያን ለቅሶ መድረስ ቀነሱ፤ በቀሩ ቁጥር ቅጣት፣ በቅጣቱ ቅያሜ ተከተለ። በመጨረሻ ጉባኤ ተጠርቶ ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ። ድስቱና ሰሃኑ፣ ድንኳኑና ወንበሩ እንደ ፍቺ ንብረት ተቆጥሮ ተካፈልነው። ይህ ኪሳራ በየትኛው የመንገድ ጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚገባ የሚነግረኝ ባለሙያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ቁፋሮው ተጀመረ፤ መንገዱ ሁሉ ተገለባበጠ፤ ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር ለዓመታት የአቧራ መንደር ሆነ። ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ሲሆኑ፣ የፈጁት 475 ሚሊዮን ዶላር በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከአያት የሚነሣው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚያበቃው እኛ ጋ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር።

እዚህ ላይ ምስጋና አልነፍግም። የባቡሩ አብዛኛው ወለል ዝቅ ያለ፣ ከመሳፈሪያው መድረክ ጋር የተስተካከለ ነው። ሃምሳ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈረ ዕለት ክራንቹን ቀድሞ አስገባ፣ ቀጥሎ እግሩን፤ ማንም ሳያነሣው፣ ማንም «አይዞህ አባባ» ሳይለው ገባ። በ6 ብር አያት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እዚያ ምን ጉዳይ ነበረህ ብለው «ምንም፤ ሰው ሳያስቸግሩ መሄድ እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለኝ። መሐንዲስ ሲያስብበት ደረጃ የግድ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ከተገዙት 41 ባቡሮች መካከል በመለዋወጫ እጦት የሚቆሙት ከዓመት ዓመት እየበዙ ሄዱ፤ የሚሠሩት ከግማሽ በታች ወረዱ። ባቡር ሲያንስ ሰልፉ ይረዝማል፣ ግፊያው ይበረታል፤ በግፊያ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው አንድ እግር ያለው ሰው ነው። መስመሩም በተራው አስፋልቱን መሀል ለመሀል በአጥር ከፍሎ ሌላ ማዶ ጨመረልን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ «ታዲያ መንገድ አይሠራ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። መስቀለኛ መንገድ ሁለት ሥራ አለው፤ ማሳለፍና ማሻገር። የእኛው ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ሲሠራ፣ ሁለቱንም ጊዜ የተጠየቀው ጎማ እንዴት ይለፍ የሚለው ነው። እግር እንዴት ይሻገር የሚለው ሥራው ካለቀ በኋላ በብረት የተለጠፈ መልስ ነው። ከከተማዋ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር በሚካሄድበት አገር ይህ የሒሳብ ስሕተት ነው። የደግነትና የክፋት ነገር አታድርጉብኝ፤ ያልተቆጠረ ነገር አይታቀድለትም።

ሕጉስ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ መንገድና መጓጓዣ ለሁሉም ተደራሽ ይሁን የሚል ግዴታ አለበት። የሌላውም አገር ልምድ አለ። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን የተዋጉላት ደቡብ ኮርያ በዕድገቷ ዘመን ዋና ከተማዋን ሴኡልን በፈጣን መንገድና በእግረኛ ድልድይ ሞልታ ነበር። ኋላ ግን ብዙዎቹን ድልድዮች እያነሣች መሬት ላይ የእግረኛ ማቋረጫ አሰመረች። ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከከተማዋ መሀል አንድ ትልቅ ከፍ ያለ መኪና መንገድ አፍርሳ ከሥሩ የተቀበረውን ወንዝ አወጣች፤ ዳር ዳሩንም ለእግረኛ ሰጠች። ሀብታም ሆና ነው እንዳትሉኝ። መሬት ላይ ቀለም መቀባት ብረት ከማቆም አይወደድም።

በእኛም ከተማ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም የሚሠሩት መንገዶች ሰፋፊ የእግረኛ መሄጃ ይዘው መጥተዋል። ለዚያ የፈረሰው ሰፈርና የተበተነው ጎረቤት ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። የእግረኛ መሄጃው መስፋት ግን መልካም ነው። ሆኖም መሄጃ አንድ ነገር፣ መሻገሪያ ሌላ ነገር ነው። ሰው ከመንገዱ ጋር አብሮ ብቻ አይኖርም፤ መንገዱን አቋርጦም ይኖራል። ልጁ ማዶ ይማራል፣ ገበያው ማዶ ነው፣ ሟቹ ማዶ ነው።

ነገ ሦስተኛ ካርታ ተሰቅሎ ለስብሰባ ብንጠራ የምንለምነው ጥቂት ነው። በደረጃው ፋንታ ወይም ከደረጃው ጎን ተዳፋት መወጣጫ። ከተቻለ ደግሞ መሬት ላይ ማቋረጫ ከነመብራቱ። የመብራቱም ደቂቃ በጎረምሳ ርምጃ አይለካ፤ በሰፈሩ ውስጥ ርምጃው ከሁሉም በሚያጥረው ሰው ይለካ። እማማ ከተሻገሩ ሁላችንም ተሻግረናል ማለት ነው። እስከዚያው ግን ግንቡ የተሰበረበትን ቦታ የሚያውቅ ጎረቤት ለማያውቀው ያሳየዋል፤ እማማም ሲመሽ እግራቸውን ዘፍዝፈው በኩራዝ መርምረው ያድራሉ።